ቀኑ በትክክል ያልተቆጠረበት ግራፍ

በገበያው ውስጥ ግራፍ እንደ ምስክር መቅረብ ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። ደላላው የቦታ ዋጋ መወደዱን ለገዢው የሚያስረዳው በግራፍ ነው። አስመጪው ብድር ለመጠየቅ ለባንክ በሚያቀርበው የፕሮጀክት ጥናት ውስጥ ግራፍ አይታጣም። የአክሲዮን ሻጩም በራሪ ወረቀት ሽቅብ በሚወጣ መስመር ያጌጠ ነው። ተመልካቹ ዓይኑን የሚተክለው ግን በቋሚው መስመር ማለትም በዋጋው ላይ ነው። በአግድሙ መስመር ሥር ስለተደረደሩት ቀኖች የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድ ግራፍ እውነተኛ ዋጋዎችን ይዞ ሐሰተኛ ፍርድ ሊሰጥ የሚችለው በእነዚሁ ቀኖች አቀማመጥ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በእውነተኛው ዋጋ ላይ የስሌት መስመር ሲደረብ ነው። የስሌት መስመር የሚባለው ሒሳብ ዐዋቂዎች ፋንክሽን የሚሉት ነው። «ዋጋው በየዓመቱ ይህን ያህል በመቶ ቢያድግ ኖሮ በዚህ ቀን እዚህ ይደርስ ነበር» የሚለውን ግምት በመስመር ያሳያል። ፋንክሽን ቀን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን ወደ ቁጥር እስካልተለወጠ ድረስ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማገናኘት አይቻልም።

አራት ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ

ለዚህ የብርና የዶላር ምንዛሪ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ለ19 ዓመታት ያህል 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው የአንድ ዶላር መደበኛ ዋጋ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. 5 ብር ገባ። ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ዘለለ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ዶላሩ 27 ብር ገደማ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ57 ብር ተኩል ገደማ ተነስቶ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ደረሰ።

እነዚህን አራት ቀኖች በግራፍ ለማስቀመጥ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አራቱን በእኩል ርቀት መደርደር ነው። በዚህ አደራረግ ሦስቱ ክፍተቶች እኩል ይሆናሉ። ዋጋው በመጀመሪያው ክፍተት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በሁለተኛው አንድ ተኩል እጥፍ ተሻግሮ፣ በሦስተኛው ወደ ሁለት ከሦስት አራተኛ እጥፍ ስለደረሰ፣ ወረቀቱን ያየ ነጋዴ «ብር ክፉኛ የወደቀው በመጀመሪያው ዘመን ነው፤ የኋላው ከዚያ ይሻላል» ብሎ ይደመድማል።

ቀኖቹ ሲቆጠሩ ነገሩ ይገለበጣል። ከ1985ቱ እስከ 2002ቱ ለውጥ 6,544 ቀናት አሉ። ከ2002ቱ እስከ 2010ሩ 2,597፣ ከ2010ሩ እስከ 2016ቱ ደግሞ 2,483 ናቸው። የመጀመሪያው ክፍተት የሌሎቹን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይረዝማል ማለት ነው። በዚህ ልክ ሲሰላ የዶላር ዋጋ በመጀመሪያው ዘመን በዓመት በአማካይ 6.8 በመቶ፣ በሁለተኛው 7.3 በመቶ፣ በሦስተኛው 16 በመቶ ጨምሯል። ፈጣን መስሎ የታየው ክፍተት ከሁሉም ቀርፋፋው ሆኖ ተገኘ።

የስሌት መስመሩ ሲጨመር ልዩነቱ ይብሳል። ከ5 ብር ተነስቶ በአንድ ዓይነት ፍጥነት 74 ብር ከ73 ሳንቲም የሚደርስ መስመር ይሳል ቢባል፣ ክፍተቶቹ እኩል በሆኑበት ወረቀት በ2002ቱ ለውጥ ዕለት 12 ብር ከ32 ሳንቲም ያሳያል። እውነተኛው ዋጋ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ስለሆነ ከመስመሩ በላይ ይውላል፤ «ብር ከሚገባው በላይ ወርዷል» የሚል ፍርድ ያሰጣል። ቀኖቹ በተቆጠሩበት ወረቀት ግን ያው መስመር በዚያው ዕለት 22 ብር ከ92 ሳንቲም ላይ ያልፋል። እውነተኛው ዋጋ ከመስመሩ ሥር በ29 በመቶ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አራቱ ቁጥሮች አልተለወጡም፤ ፍርዱ ግን ተቃራኒ ሆኗል። የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል የሚፈራረም ወይም የዕቃ ዋጋ ለመጪው ዓመት የሚተምን ሰው በየትኛው ወረቀት ላይ እንደተማመነ ማወቁ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቀን እንዴት ቁጥር ይሆናል

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ መነሻ ቀን ተመርጦ ሌሎቹ ሁሉ ከዚያ ስንት ቀን እንደራቁ ይቆጠራል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ዮሴፍ ስካሊገር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1583 ባቀረበው ዘመን ላይ የተመሠረተው የዩልየስ ቀን ቁጥር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ጀምሮ ቀንን በተከታታይ ይቆጥራል። በዚህ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. 2,460,521ኛው ቀን ነው።

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ከፈረንጆቹ ይልቅ የተመቸ ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ «ሠላሳ የሚሆነው የትኛው ወር ነው» ብሎ ጣት መቁጠር አያስፈልግም። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦

የቀን ቁጥር = 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4) + 30 × (ወር − 1) + ዕለት

ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው ይጣላል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ተብላ ትገባለች። ለምሳሌ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሰላ፣ 365 ጊዜ 2015 ከ735,475 ጋር እኩል ነው። በዚህ ላይ 504፣ 300 እና 22 ሲደመሩ 736,301 ይመጣል። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ 724,677 ስለሆነ በመካከላቸው 11,624 ቀናት አሉ። በዚህ ቁጥር ላይ 1,724,220 የደመረ ሰው የዩልየስን የቀን ቁጥር ያገኛል።

ላቴክ ምን ይጠይቃል

ሪፖርትና የጥናት ወረቀት ለሚያዘጋጁ ሰዎች ላቴክ የተባለው የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም እንግዳ አይደለም። መሠረቱ ዶናልድ ክኑዝ የተባሉት የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ቴክ ነው። ሌስሊ ላምፖርት ደግሞ በ1980ዎቹ ላቴክን ገነቡበት። ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን በተለይ ሒሳብ ለበዛበት ጽሑፍ ይመረጣል። ዚላቴክና ሉዋላቴክ የሚባሉት ዘሮቹ የግዕዝ ፊደልን ያለ ችግር ያትማሉ።

በላቴክ ግራፍ የሚሳለው ፒጂኤፍፕሎትስ በተባለ ተጨማሪ ጥቅል ነው። ሠሪው ክርስቲያን ፎየርዜንገር ናቸው። በጥቅሉ ውስጥ «ዴትፕሎት» የሚባል ክፍል አለ። ይህ ሲጠራና አግድሙ መስመር ቀን እንደሚቀበል «ዴት ኮኦርዲኔትስ ኢን» በሚለው ትእዛዝ ሲነገረው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ዕለት ተብሎ በሰረዝ የተጻፈን ቀን አንብቦ ወደ ዩልየስ ቁጥር ይለውጠዋል። ነጥቡን በቁጥሩ ቦታ ያስቀምጥና ከሥሩ መልሶ በቀን ይጽፈዋል። ክፍተቶቹ ራሳቸው እውነተኛ ርቀታቸውን ይይዛሉ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ። የፕሮግራሙ የስሌት ክፍል ከአምስት ወይም ከስድስት አኃዝ በላይ በርግጠኝነት አይዝም። የዩልየስ ቁጥር ደግሞ ባለ ሰባት አኃዝ ነው። 2,460,521 እና 2,460,522 ተቀራርበው ሊጠፋፉበት ይችላሉ። ይህ እንዳይሆን «ዴት ዚሮ» በሚለው ትእዛዝ መነሻ ቀን ይሰጠዋል። መነሻው መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1992 ከተባለ የመጨረሻው ነጥብ 11,624 ይሆናል። ይህን ያለ ችግር ይይዛል።

ፋንክሽኑ ለምን አልቀመጥ ይላል

የብዙዎች ችግር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ነጥቦቹ በቀን ገብተው ከተሳሉ በኋላ ፋንክሽኑ በዚያው ላይ ይሳል ሲባል ፕሮግራሙ እምቢ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አግድሙ መስመር «ቀን ስጡኝ» ብሎ ይጠብቃል፤ ፋንክሽኑ ግን ይዞ የሚመጣው ቁጥር ነው። በር ላይ ብር የሚቀበል ሰው ተቀምጦ ደንበኛው ዶላር ይዞ እንደመጣ ይቆጠራል።

መውጫው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሠንጠረዥ ነው። የፋንክሽኑ ዋጋ በውጭ፣ ለምሳሌ በኤክሴል፣ ለየቀኑ ተሰልቶ ቀንና ዋጋ ሆኖ እንደ ማንኛውም መረጃ ይገባል። ሁለተኛው ሁለት ግራፍ መደራረብ ነው። አንዱ በቀን፣ ሌላው በቀን ቁጥር ይሳላል። መነሻቸውና መድረሻቸው አንድ ዓይነት ተደርጎ የሁለተኛው ጽሑፍ ይደበቃል። ሦስተኛው መንገድ ቀንን ከነጭራሹ ትቶ አግድሙን መስመር በተራ ቁጥር መሳልና ከሥሩ የሚታየውን ጽሑፍ ብቻ በቀን መተካት ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ሦስተኛው ሳይሻል አይቀርም። ዴትፕሎት የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ከሥሩ መስከረምና ጥቅምት ብሎ አይጽፍም። በተራ ቁጥር ሲሳል ግን ዓመቱን የሚያመለክቱት ምልክቶች በየመስከረም 1 ቀን ላይ ሊተከሉ ይችላሉ። መነሻው መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ከሆነ 1990 በ1,806፣ 2000 በ5,459፣ 2010 በ9,111 ላይ ይውላል። ፋንክሽኑም «5 × 1.0002327 በቀን ቁጥር ተባዝቶ» ማለትም በቀን ቁጥሩ ያህል በራሱ እየተባዛ ይጻፋል፤ በቀን የ0.023 በመቶ ዕድገት መሆኑ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ፕሮግራሙ ካልተነገረው በስተቀር ማንኛውንም ፋንክሽን የሚስለው በ25 ነጥቦች ነው። 11,624 ቀናት በ25 ነጥብ ሲከፈሉ ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው 484 ቀናት አሉ። ቀስ ብሎ ለሚጎብጥ መስመር ይህ ይበቃል። በአንድ ሌሊት ለሚዘል ተመን ግን ዝላዩን ወደ ዳገት ይለውጠዋል። ስለሆነም የምንዛሪ ዝላይ ሲሳል የዋዜማው ዋጋና የዕለቱ ዋጋ ሁለቱም መግባት አለባቸው። ሐምሌ 21 ላይ 57 ብር ተኩል፣ ሐምሌ 22 ላይ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሲባል መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ነጋዴው በዕቃው ላይ ያየውም ይህንኑ ነው።

ኤክሴልም አያመልጥም

ላቴክን የማይነካ ነጋዴ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ሊል አይችልም። ኤክሴልም ቀንን በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። እ.ኤ.አ. ከ1900 መጀመሪያ የተነሳ አቆጣጠር ስለሆነ ለኤክሴል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. 45,502 ነው። ልዩነቱ ኤክሴል ሥራውን በጓዳ ሲሠራ ላቴክ ተጠቃሚውን በግልጽ መጠየቁ ላይ ነው።

ችግሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጻፍ ይመጣል። 22/11/2016 ተብሎ ቢገባ፣ ኮምፒዩተሩ ዕለትን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ከሆነ ኖቬምበር 22 ቀን 2016 ብሎ ይቀበለዋል። ይህም እውነተኛው ዕለት ከመድረሱ ከሰባት ዓመት ተኩል በፊት ነው። ጥቅምት 30 ማለት 30/2 ስለሆነና በፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። የጳጉሜን 13ኛ ወርም እንዲሁ። ከቀኖቹ መካከል ከፊሉ ቁጥር፣ ከፊሉ ጽሑፍ ይሆንና ግራፉ ይበላሻል። ሁሉም ጽሑፍ ከሆኑም ኤክሴል ሳያስታውቅ በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል። ከላይ በተነሱት አራት ቀኖች ላይ የታየው ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ከላይ ባለው ስሌት የቀን ቁጥሩን በአንድ ዓምድ አውጥቶ «ስካተር» የተባለውን የግራፍ ዓይነት መምረጥ ነው።

የግምጃ ቤት ሰነድ ዋጋ በቀን መስመር ላይ

ይህ ዕውቀት በተለይ ለሰነድ ገበያው ሰዎች ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ መጀመሩ ይታወሳል። የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ሲሆን ስሙ ራሱ በቀን ቁጥር የተጠራ ነው። ወለድ ለብቻው አይከፈልበትም፤ ከሚከፍለው ገንዘብ ባነሰ ዋጋ ተገዝቶ ቀኑ ሲደርስ ሙሉው ይከፈላል። ዋጋው የቀሩት ቀናት ፋንክሽን ነው፦

ዋጋ = 100 ÷ (1 + ወለድ × የቀሩት ቀናት ÷ 365)

ለምሳሌ ያህል ወለዱ 15 በመቶ ነው ተብሎ ይታሰብ። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተገዛ የ364 ቀን ሰነድ ጳጉሜን 5 ቀን ይደርሳል። ከ100 ብሩ የመግዣው ዋጋ 86 ብር ከ99 ሳንቲም ነው። መጋቢት 3 ቀን 182 ቀን ሲቀረው 93 ብር ከ4 ሳንቲም፣ ሰኔ 4 ቀን 91 ቀን ሲቀረው 96 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ነሐሴ 7 ቀን 28 ቀን ሲቀረው 98 ብር ከ86 ሳንቲም ይሆናል። ገበያው ምንም ባይነቃነቅ ዋጋው በጊዜ ብቻ ይወጣል።

እንግዲህ በመካከል ሰነዱን የሚሸጥ ሰው ሲመጣ የገዢው ጥያቄ «ከመግዣው ዋጋ ተወዷል ወይ» የሚል መሆን የለበትም። ከመስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው ቁም ነገሩ። መጋቢት 3 ቀን በ94 ብር የተጠየቀበት ሰነድ ከመስመሩ በላይ ስለሆነ ለገዢው የሚያስገኘው ከ15 በመቶ ያነሰ ነው። ነሐሴ 7 ቀን በ98 ብር የተገኘ ሰነድ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ቢመስልም ከመስመሩ በታች ነው፤ ከ15 በመቶ በላይ ያስገኛል። ይህን የሚያሳየው ቀኖቹ በትክክል የተቀመጡበት ግራፍ ብቻ ነው።

እሑድ ይቆጠራል ወይ

በቀን መስመር ላይ ቅዳሜና እሑድም ቦታ አላቸው። ገበያ የሌለባቸው ቀኖች ባዶ ሆነው ይታያሉ። አንዳንዶች ይህን ጠልተው የግብይት ቀኖችን ብቻ ተከታትለው ይደረድራሉ። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም። ምርጫው ግን ከሚደረበው ፋንክሽን ጋር መስማማት አለበት። ወለድ በእሑድም በበዓልም ስለሚቆጠር የወለድ መስመር የሚሳለው በሙሉ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። የአምስት ወይም የሃያ የግብይት ቀን አማካይ ዋጋ ግን የግብይት ቀን ብቻ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ያደባለቀ ሰው ሁለት ዓይነት ሜትር ይዞ ጨርቅ እንደሚለካ ነጋዴ ነው።

መድረሻውም ይጠየቅ

በመጨረሻ የቀን መስመሩ ትክክል ቢሆንም ፋንክሽኑ የሚያርፍበትን ነጥብ የሚመርጠው ሰው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የዶላሩ ስሌት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ላይ ሲያበቃ ዓመታዊው አማካይ 8.9 በመቶ ገደማ ይወጣል። በአንድ ቀን ቀድሞ ሐምሌ 21 ላይ ቢያበቃ 8 በመቶ ይሆናል። በ32 ዓመት መስመር ላይ የአንድ ቀን ምርጫ ይህን ያህል ያነቃንቃል። ምንዛሪው ከዚያ በኋላም አልቆመም፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ግራፍ ያቀረበ ደላላ ወይም አማካሪ ሦስት ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ቀኖቹ የተቀመጡት በእውነተኛ ርቀታቸው ነው ወይስ በእኩል ክፍተት? የስሌት መስመሩ የሚቆጥረው ሁሉንም ቀን ነው ወይስ የግብይት ቀንን ብቻ? መነሻውና መድረሻው ለምን እነዚያ ቀኖች ሆኑ? ሦስቱንም ያለ ማመንታት የመለሰ ሰው ግራፉ ቢያንስ በቀን በኩል የተጣራ ነው። መመለስ ያቃተው ግን ዋጋዎቹ ሁሉ እውነት ቢሆኑ እንኳ ወረቀቱን መልሶ ሠርቶ እንዲመጣ መጠየቅ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚደረግ ርካሽ ጥንቃቄ ነው።